ማዝል ሎደሬ ምቱን በተነ፤ ከየት ልጀምር?

የማናሳሱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የማዝል ሎደር (ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስበት ጠመንጃ) አደን ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በዚህ ሁኔታው ግን ይህን ጠመንጃ ይዞ አጋዘን ላይ መተኮስ ነውር ነው። ጠመንጃው .50 ካሊበር፣ ተሰብሮ የሚከፈት ኢንላይን (እሳቱ ከባሩዱ ጀርባ በቀጥታ የሚገባበት) ነው። የቱቦው ጥምዝ (ጥይቱን የሚያሾረው የውስጥ ቦይ) በ28 ኢንች አንድ ዙር ነው። የማጎርሰው ሁለት ባለ 50 ግሬን የትሪፕል ሰቨን ፔሌት (ተጨምቆ የተሠራ የባሩድ ቁራጭ)፣ ከዚያ ላይ በሳቦት (በፕላስቲክ እቅፍ) የታቀፈ 250 ግሬን ጥይት ነው፤ የማስነሳው በ209 ፕራይመር (ባሩዱን በሚያቀጣጥል ቆብ)። አምና በዚሁ አጎራረስ 100 ያርድ ላይ ሦስት ምት 2 ኢንች ውስጥ ይገባ ነበር። ዘንድሮ 6 እና 7 ኢንች ይበተናል።

የታዘብኩትን ልዘርዝር። ከጸዳ ቱቦ የሚወጣው የመጀመሪያው ምት ከሌሎቹ 4 ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራርበው ይውላሉ። ከአራተኛው ጀምሮ ጥይቱን በማጉረሻው ዘንግ ወደ ውስጥ መግፋት ይከብዳል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዘንጉ አንድ ቦታ ላይ ይነክሳል። ከዚያ በኋላ ምቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይራራቃሉ።

ከአምናው የተለወጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሱቁ ለማዝል ሎደር የተዘጋጀውን ፕራይመር ስለጨረሰ ተራውን የሾትገን 209 ገዛሁ። ስኮፑንም (የማነጣጠሪያ መነጽሩን) ለጽዳት አውርጄ መልሻለሁ። በክሊክ ላስተካክለው ስል 30 ፔሌት አለቀ። ከየት ልጀምር?

ጥቀርሻ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስኮፑን ማሽከርከር አቁም። በተበተነ ምት ላይ ስኮፕ ሲስተካከል የሚሆነው የመጨረሻውን ጥይት ማሳደድ ብቻ ነው።

የጻፍከው ምልክት መልሱን ይዟል። "ዘንጉ አንድ ቦታ ላይ ይነክሳል" ያልከው የትሪፕል ሰቨን የታወቀ ጠባይ ነው። ይህ ባሩድ ሲነድ ከሚተወው ጥቀርሻ ጠንካራው ክፍል፣ ጥይቱ ተቀምጦበት በነበረው አካባቢ ቀለበት ሠርቶ ይጋገራል። እዚህ አገር "ክራድ ሪንግ" ይሉታል። በጣት የሚጠረግ ጥላሸት አይምሰልህ፤ ምጣድ ላይ እንደ አረረ ነገር ብረቱን ይይዛል። ቀጣዩ ሳቦት እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አንተ "ገባ" ብለህ ዘንጉን ትስባለህ፤ ጥይቱ ግን ከፔሌቱ ራስ ትንሽ ርቆ ቀርቷል።

ከዚያ የሚከተለው ግልጽ ነው። ባሩዱ የሚነድበት ቦታ በየምቱ ስለሚለያይ ግፊቱ ይለያያል፤ ግፊቱ ሲለያይ ፍጥነቱም አብሮ ይለያያል። ፍጥነታቸው የተለያየ ጥይቶች 100 ያርድ ሲደርሱ የሚራራቁት ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። አንተም ያየኸው ይህንኑ ነው። ከኢላማው በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፦ በባሩዱና በጥይቱ መካከል ክፍተት ካለ ቱቦው ሊያብጥ፣ ብሶም ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱ ባሩዱ ላይ መቀመጡን ሳታረጋግጥ ፕራይመር አታስገባ።

ማረጋገጫው ዘንጉ ላይ የሚሰመር ሁለት መስመር ነው። ቱቦው ጸድቶና ደርቆ፣ ፕራይመር ሳይኖርበት፣ ዘንጉን ባዶ ቱቦ ውስጥ እስከ ታች አስገባ፤ ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር እኩል በሚሆንበት ቦታ በማይለቅ ቀለም አስምር። ይህ "ባዶ" የሚለው ምልክት ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ፔሌትና ሳቦቱን በጸዳው ቱቦ ውስጥ አጉርስና ሁለተኛውን መስመር አስምር። ይህ "ጎርሷል" የሚለው ነው። ሁለቱንም መስመሮች ስታሰምር ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጃግ ያው አንዱ ይሁን፤ ከቀየርከው ምልክቱ ይዋሻል። ከዚህ በኋላ ባጎረስክ ቁጥር ሁለተኛው መስመር ከጠርዙ ጋር እኩል መሆን አለበት። የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል እንኳ ከጠርዙ በላይ ከታየህ ጥይቱ አልወረደም ማለት ነው።

መፍትሔው በየምቱ መካከል መጥረግ ነው፤ አጠራረጉ ግን ልክ አለው። አንድ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥበህ ጭመቀው፤ ስትጨብጠው ጠብታ መውጣት የለበትም። የሚንጠባጠብ ጨርቅ ጥቀርሻውን አጥቦ ወደ ብሪች ፕላጉ (የቱቦውን ጀርባ የሚዘጋው ብሎን) የእሳት ቀዳዳ ይጨምረውና ቀጣዩ ምት ይከሽፋል። አንድ ክንድ ያህል ገፋ፣ ትንሽ መለስ፣ እንደገና ገፋ እያደረግህ ውረድ። ቀለበቱ ጋ ስትደርስ እጅህ ላይ ይሰማሃል፤ እዚያ ላይ አጭር አጭር እያልክ መላልስ። ጨርቁን ገልብጠህ ድገም፤ በመጨረሻ አንድ ደረቅ ጨርቅ አሳልፍ። ትሪፕል ሰቨን ድኝ የለበትምና ተራ ውኃ ይበቃዋል። የጨርቁ ብዛትና ምልልሱ በየምቱ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዴ ሁለት፣ አንዴ አራት ጨርቅ ከተጠቀምክ አዲስ ልዩነት ጨመርክ ማለት ነው።

ፕራይመሩን በተመለከተ፣ የሾትገን 209 ለፔሌት ትሪፕል ሰቨን ይበዛበታል። ብርቱ ነበልባሉ ቀለበቱን ያባብሳል፤ ባሩዱ በወጉ ሳይያያዝ ፔሌቱንና ጥይቱን ወደፊት ሊገፋም ይችላል። በትሪፕል ሰቨን ስም የሚሸጠው የዊንቸስተር 209 ለስለስ ያለ ነው፤ ፈልገህ አግኝ። ይህ ምክር ግን ለብላክሆርን 209 ባሩድ አይሠራም። እርሱ በተቃራኒው ብርቱ ፕራይመር ይፈልጋል፤ ፌደራል 209ኤ ወይም ሲሲአይ 209ኤም ይስማማዋል። ጽዳቱም በባሩድ ማሟሚያ እንጂ በውኃ አይደለም።

ሌላው፣ ጥይቱ ፔሌቱን ሲነካ ዘንጉን ማጋጨት ተው። ፔሌቱ መሐሉ ቀዳዳ ያለው የተጨመቀ ባሩድ ነው፤ ከተሰባበረ በየምቱ አነዳዱ ይለያያል። አጥብቀህ ተጫን፣ አቁም።

ብሎን በብሎን፦

በጥቀርሻው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስኮፑ ወርዶ ከተመለሰ ባሩድ ሳይቃጠል በነጻ የሚመረመር ነገር አለ። ጠመንጃው አለመጉረሱን በዘንጉ የ"ባዶ" ምልክት አረጋግጥና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው።

ስኮፑን የያዙትን ቀለበቶች ፈትተህ ከሥር ያለውን መቀመጫ ተመልከት። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ቀለበት ያጠብቃል፤ የሚላላው ግን የታችኛው መቀመጫ ነው። ብሎኖቹን አውጣ፣ የብሎኑንም የቀዳዳውንም ዘይት በአልኮል ጥረግ፣ ሰማያዊውን ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) አንድ ጠብታ አድርግና አምራቹ በጻፈው ልክ በኢንች ፓውንድ መፍቻ አጥብቅ። ለቀለበቶቹ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ ነው። ስትጨርስ ከብሎኑ ራስ እስከ መቀመጫው ድረስ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምር። ብሎኑ ንቅንቅ ሲል መስመሩ ይሰበራል፤ ያኔ መገመት ቀረ።

ቀጥሎ የፊት እንጨቱ ብሎን አለ። ተሰብሮ በሚከፈት ጠመንጃ ላይ የፊት እንጨቱ ከቱቦው ጋር የታሰረ ነው፤ ሲላላ በእያንዳንዱ ርግጫ ቦታ ይቀይራል። ስታነጣጥር ከረጢቱ ላይ የሚያርፈውም ሁልጊዜ ያው የእንጨቱ ቦታ ይሁን፤ ቱቦው ራሱ በፍጹም ከረጢት ላይ አይረፍ። ዘንጉን ከቦታው አውጥተህ የምትተኩስ ከሆነ ሁልጊዜ አውጥተህ፣ አስገብተህ ከሆነም ሁልጊዜ አስገብተህ ተኩስ።

የአፈሙዙን ጠርዝ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ መርምር። ጥጡን ከውስጥ ወደ ውጭ እየጎተትክ ዙሪያውን አዙር። ጭረት ወይም ጉብታ ካለ የጥጡ ፈትል እዚያው ላይ ይንጠለጠላል። ዘንግ መከለያ ሳይደረግለት ሲመላለስ የሚበላው ይህንን ጠርዝ ነው። ጋዝ በአንድ በኩል ቀድሞ ካመለጠ ጥይቱን ገፋ አድርጎት ይወጣል፤ ይህን ደግሞ ስኮፕም ባሩድም አያስተካክለውም፤ ጠርዙን እንዲያድሰው ለጠመንጃ ጠጋኝ መስጠት ነው።

ብሪች ፕላጉን ፈትተህ ወደ ብርሃን አቅናው። የእሳቱ ቀዳዳ ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ብዙዎቹ አዲስ ሲሆኑ 0.030 ኢንች አካባቢ ናቸው። በጥቀርሻ ከተደፈነ በ1/32 ኢንች መሰርሰሪያ ጫፍ በጣትህ ብቻ እያዞርክ ጥረግ፤ ወደ ማሽን እንዳታስገባው፣ ቀዳዳውን ታሰፋዋለህ። መሰርሰሪያው ልል ሆኖ የሚዋኝ ከሆነ ወይም ቀዳዳው እንቁላል መሰል ከሆነ ፕላጉ አብቅቷል፤ አዲስ ግዛ። የተተኮሰውን ፕራይመርም ተመልከት፦ ጎኑና የመዝጊያው ፊት በጥላሸት ከጠቆረ ፕራይመሩ ቦታው ላይ ልል ሆኖ እሳቱ ወደ ኋላ እየሾለከ ነው። በየምቱ የሚሾልከው መጠን ስለሚለያይ አቀጣጠሉም ይለያያል። ብሪች ፕላጉን ስትመልስ ጥርሶቹን የብሪች ፕላግ ቅባት ቀባ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ምቱ አሁንም ከተበተነ ብቻ ነው ስኮፑን የምጠረጥረው። የታመነ ሌላ ስኮፕ አስረህ ሦስት ምት መሞከር ከማንኛውም ምርመራ ይፈጥናል።

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳቦቶቹን ለቅሞ ማየት። ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ከ10 እስከ 30 ያርድ ባለው ቦታ ወድቀው ይገኛሉ። ተኩስ መቆሙን አረጋግጠህ፣ ጠመንጃህን አስቀምጠህ ልቀም። ጤነኛ ሳቦት እንደ አበባ እኩል ይከፈታል፤ ቅጠሎቹ ሁሉ አሉ፣ ሥሩም ድፍን ነው። አንዱ ቅጠል ተቀድዶ ከጎደለ ጠርዙን ወይም ሲገባ የተጎዳበትን መንገድ ፈልግ። ሥሩ ከቀለጠ ወይም ከተበሳ ግፊቱና ሙቀቱ በዝቶበታል። በሞቃት ቀን ቱቦው ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ጥይቱ ሲገባ ልል ሆኖ ይሰማሃል፣ ምቱም ይሸሻል። ቱቦውን በእጅህ ጨብጠህ ሙቀት የማይሰማህ እስኪሆን ጠብቅ። አምስት ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ፀሐይ ላይ ካለህ ግን አይበቃም።

እኛ ጋ የማዝል ሎደር ወቅት ሕጉ ከቨርጂኒያ ይለያል። ሳቦትም ፔሌትም ስኮፕም አይፈቀድም፤ ለኤልክ (ለትልቁ የአጋዘን ዓይነት) ደግሞ ከ.50 ካሊበር በታች አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የምንጨነቀው ልቅ ባሩድና ሳቦት የሌለው እርሳስ ጥይት ላይ ነው። ወደዚህ ለአደን የምትመጡ ካላችሁ በቤታችሁ ያስተካከላችሁት አጎራረስ እዚህ እንደማይሠራ ከወዲሁ እወቁ።

ልቅ ባሩድ የሚለካው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። የናስ መስፈሪያውን ሞልቶ አንዴ መታ መታ ያደረገና ያላደረገ ሰው የተለያየ መጠን ነው የሚያጎርሰው፤ አንዱን መርጠህ ሁልጊዜ እርሱን አድርግ። ከጣሳው ወይም ከቀንዱ በቀጥታ ወደ ቱቦው መገልበጥ አይገባም፤ የቀረ ፍም ካለ እጅህ ላይ የሚነደው ጣሳው ሙሉ ነው። ትሪፕል ሰቨን በእኩል ይዘት ከጥቁር ባሩድ ስለሚበረታ፣ ከጥቁር ባሩድ የተዛወረ ሰው መጠኑን 15 በመቶ ይቀንስ። ከ80 ግሬን ጀምረህ በ5 በ5 እየጨመርክ ሦስት ሦስት ምት ተኩስ፤ ከ100 አትለፍ። ምቱ በጣም የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ ከጣሪያው በታች ነው፤ ይህን ለማግኘት ልቅ ባሩድ ከፔሌት ይሻላል እላለሁ። ጭስ አልባ የዘመኑ ባሩድ ግን ለዚያ ተብሎ ባልተሠራ ማዝል ሎደር ውስጥ በምንም መጠን አይገባም፤ ጠመንጃውንም እጅንም ያጠፋል።

ሳቦት የሌለው ጥይት ሌላ ጠባይ አለው። ልል ከሆነ ጠመንጃውን አፈሙዙን ዘቅዝቀህ ስትሄድ ከባሩዱ ላይ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። በየሰዓቱ ፕራይመሩን አውጥተህ በዘንጉ ምልክት ፈትሸው።

ክብ አረር፦

ለኢንላይን ባይሆንም የጥንቱን ዓይነት፣ ክብ አረር በጨርቅ የሚጎርሰውን ለያዙ፦ የእናንተ መርማሪ የወደቀው ጨርቅ ነው። ለ.50 ካሊበር .490 አረርና 0.015 ኢንች ውፍረት ያለው ንጹሕ ጥጥ መነሻ ይሁን፤ ናይሎን የተቀላቀለበት ይቀልጣል። ከተኩስ በኋላ ጨርቁን ልቀሙ። መሐሉ ጠቁሮ ዙሪያው ፈትሉ ያልተበጠሰ ከሆነ ጥሩ ነው። መሐሉ ነድዶ ከተበሳ ጨርቁ ቀጥኗል ወይም ቅባት አንሶታል። በቱቦው ጥርሶች ቁጥር ያህል ቦታ ላይ በስለት እንደተቆረጠ ከሆነ የአዲሱ ቱቦ ጥርሶች ወይም የአፈሙዙ ጠርዝ ስለታም ናቸው። ጥምዙንም አትርሱ፤ በ66 ኢንች አንድ ዙር የሆነ ቱቦ ለክብ አረር እንጂ ለረጅም ጥይት አልተሠራም፤ በ28 የሆነው ደግሞ ክብ አረርን በብዙ ባሩድ ሲገፉት ይበትነዋል። ቱቦውን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ሽብልቅ ከላላም ምት ይለዋወጣል፤ በጣት ብቻ ተገፍቶ የሚወጣ ከሆነ ልል ነው።

የማናሳሱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ላሳውቅ። ሁለቱን መስመሮች አሰመርኩ። ሳልጠርግ አምስት ምት ተኮስኩ፤ አራተኛውን ሳጎርስ መስመሩ ከጠርዙ ሩብ ኢንች ያህል ከፍ አለ፣ አጥብቄ ስጫን ወረደ። አምስተኛው ግን እምቢ አለ፤ መልሼ በዘንጉ እየተጫንኩ ነው ወደ ቦታው ያደረስኩት። የስኮፑ የኋላ መቀመጫ አንዱ ብሎንም በጣት ይዞር ነበር። እርሱን በሎክታይት አጠበቅኩ፣ የትሪፕል ሰቨን ፕራይመር አገኘሁ፣ በየምቱ አንድ እርጥብ አንድ ደረቅ ጨርቅ አሳለፍኩ። አምስት ምት በ2 ኢንች ተኩል ውስጥ ገባ። ከጸዳ ቱቦ የሚወጣው የመጀመሪያው ግን አሁንም 3 ኢንች ወደ ላይ ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ የሚያስፈልገኝ እርሱ ነው። ጥቀርሻ፣ ምን ይሻላል?

ጥቀርሻ፦

ብሎኑን በማግኘትህ ደስ ብሎኛል፤ ሁለት በሽታ በአንድ ላይ ነበረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ምት የሚሸሸው ቱቦው ውስጥ በቀረው የማቆያ ዘይት ነው። ዘይት ላይ የሚንሸራተት ሳቦትና ቀጭን ጥቀርሻ ላይ የሚሄድ ሳቦት አንድ ዓይነት መያዣ የላቸውም። ከአደን በፊት ባለው ማታ በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አሳልፍ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ድገም። የብሪች ፕላጉን ቀዳዳም በዚያው ጥረግ፤ ዘይት እዚያ ከቀረ ያከሽፋል። ጠዋት ከማጉረስህ በፊት፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ ጃጉን ከደረቅ ጨርቅ ጋር እስከ ታች አውርደው፤ አፈሙዙን ወደማያስጋ ቦታ አቅንተህ አንድ ፕራይመር ብቻ ተኩስ። ዘንጉን ስታወጣ ጨርቁ መሐል ላይ የተቃጠለ ክብ ምልክት ካለ እሳቱ መንገዱን አግኝቷል።

ከዚያ በዚያው መንገድ ያዘጋጀኸውን ቱቦ ይዘህ ኢላማ ሜዳ ሂድ። አንድ ምት ተኩስ፣ አጽዳ፣ አልኮል፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ፕራይመር ብቻ፤ እንደገና አንድ ምት። ይህን ሦስት ጊዜ አድርግ። ሦስቱ "የመጀመሪያ ምቶች" አንድ ላይ ከዋሉ ስኮፕህን የምታስተካክለው በእነርሱ ነው። ባለ ሩብ ክሊክ ስኮፕ ከሆነ 100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች አራት ክሊክ ነው፤ 50 ያርድ ላይ ከሆንክ ስምንት።

ማታ ወደ ቤት ስትመለስ የጎረሰ ጠመንጃ ሞቃት ክፍል ውስጥ አታስገባ። ቀዝቃዛው ብረት ሙቀት ሲያገኝ ውስጡ ያልበዋል፤ እርጥበቱ ባሩዱን ያበላሽና ጠዋት ዘግይቶ ይነሳል ወይም ይከሽፋል። ልጆች በሌሉበት ቁልፍ ያለው ቀዝቃዛ ቦታ ካለህ ፕራይመሩን አውጥተህ እዚያ አኑረው፤ ከሌለህ ኢላማ ሜዳ ወስደህ ተኩሰህ አጽዳው። ከሽፎ ቀረ ብለህ የምታስብበት ጊዜ ካለ ደግሞ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠር፤ ከዚያ በኋላ ነው ፕራይመሩ የሚወጣው።